ስለ ዘላለም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ክርስቲያኖች ቃሉን እንዴት ይረዱታል?

ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ «ዘላለም» ያስቸገረኝ ቃል የለም። ስለ ሥላሴ የሚጠይቅ ሰው ነገሩ ከባድ መሆኑን አውቆ ነው የሚመጣው። ዘላለምን ግን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለውና «አያልቅማ!» ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄው የሚነሳው በኋላ ነው፤ አንድም ልቅሶ ቤት ውስጥ፣ አንድም ከስምንት ዓመት ልጅ አፍ። እዚህ የሰበሰብኳቸው በብዛት የቀረቡልኝን ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እህቴ ፕሮቴስታንት ናት፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን በየቤተሰብ ግብዣው እሰማለሁ። ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘላለም ማለት የማያልቅ ጊዜ ማለት አይደለም እንዴ?

በዕለት ተዕለት አማርኛ አዎ፣ እሱ ነው። ቃሉን ሲፈቱት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ግእዙ «ዘለዓለም» ነው፤ «ለዓለም የሆነ» እንደማለት። «ዓለም» ደግሞ በግእዝ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ የምንኖርበትን ፍጥረትም ይጠራል፣ ዘመንንም ይጠራል። ግሪኮች ለፍጥረቱ «ኮስሞስ»፣ ለዘመኑ «አዮን» የሚል የተለያየ ቃል አላቸው። የዕብራይስጡ «ዖላም» በብሉይ ኪዳን የራቀ ዘመንን፣ ዳርቻው የማይታየውን ጊዜ ያመለክታል። የእኛዎቹ ተርጓሚዎች ሁሉንም «ዓለም» ውስጥ ከተቷቸው። ቅዳሴ ላይ «ለዓለመ ዓለም» ሲባል የምድር ሉል የሚታየው ሰው ካለ እንግዲህ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ማርቆስ 10፥30 ላይ «በሚመጣውም ዓለም የዘላለም ሕይወት» ይላል። ሁለቱም ቃላት እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች «የዘላለም ሕይወት» ሲሉ የሚመጣው ዘመን ሕይወት ማለታቸው ነው። አለማለቁ አለበት፤ ከርዝመቱ በፊት ግን የሚጠየቀው የየትኛው ዘመን፣ የማን መንግሥት ሕይወት ነው የሚለው ነው።

አንድ ልዩነት እዚህ ላይ ካልተያዘ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይደበላለቃል። እግዚአብሔር ጥንትም ፍጻሜም የለውም። መላእክትና ሰው ግን ጥንት አላቸው፤ ፍጻሜ ነው የሌላቸው። ለሁለቱም «ዘላለም» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን፣ ነገሩ ግን አንድ አይደለም።

እግዚአብሔር ዓለምን ከመፍጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

ይህን የጠየቀኝ ልጅ አዲስ ነገር ያገኘ መስሎት ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ400 ገደማ በጻፈው ኑዛዜው፣ በ11ኛው ክፍል፣ ጥያቄውን አንሥቶታል። በዚያን ጊዜ የሚቀለድ መልስ ነበረ፤ «ምሥጢር ለሚመረምሩ ሰዎች ገሃነም ያዘጋጅ ነበር» የሚል። አውግስጢኖስ ቀልዱን ጠቅሶ፣ በዚህ አልመልስም፣ የማላውቀውን አላውቅም ማለት ይሻለኛል ይላል። የራሱ መልስ ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው የሚል ነው። ጊዜ ከዓለም ጋር ከተፈጠረ «ከመፍጠሩ በፊት» የሚባል ሰዓት አልነበረም፤ ጥያቄው የቆመበት መሬት የለም።

ከእሱ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ቦኤትየስ የሚባል ሮማዊ፣ እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ፣ ምዕራባውያን እስከ ዛሬ የሚጠቅሱትን ትርጉም ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ዘላለም ማለት ወሰን የሌለውን ሕይወት ሙሉውን በአንድ ጊዜ መያዝ ነው የሚል ነው። እኛ ሕይወታችንን በቁራሽ ነው የምንቀበለው፤ ትናንትን አጥተነዋል፣ ነገን ገና አልያዝነውም። እግዚአብሔር ግን ሁሉም በእጁ ነው።

በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ይህን በመንገደኛ ይመስለዋል። ምሳሌውን ወደ እኛ አገር ላምጣው። ዓባይ በረሃን በመኪና የወረደ ያውቃል፤ ጠመዝማዛው ውስጥ ሳሉ የሚታየው ከፊት ያለው የጭነት መኪና ጀርባ ብቻ ነው። ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን የሚወርደውንም፣ ድልድዩ ላይ የደረሰውንም፣ ማዶ ወደ ደጀን የሚያቃስተውንም በአንድ እይታ ያያል። እግዚአብሔር ነገን «አስቀድሞ» ያያል ስንል አነጋገራችን የሹፌሩ ነው።

ሁሉም ክርስቲያን በዚህ ይስማማል ማለት አይደለም። ኦስካር ኩልማን የሚባል የነገረ መለኮት ሊቅ በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ዘላለም ከጊዜ ውጭ የሆነ ነገር ሳይሆን ማብቂያ የሌለው የጊዜ መስመር ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ከጊዜ ውጭ የሚለው ሐሳብ ከግሪክ ፍልስፍና የመጣ ነው ባይ ነው። እኔ ወደ አውግስጢኖስ አደላለሁ።

«ቅድመ ዓለም» የሚባለውስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ ዘላለም ትልቁ ጠብ የተነሳው በዚህ ነው።

አርዮስ የእስክንድርያ ቄስ ነበር። ስለ ወልድ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» አለ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ለጆሮም ይመቻል፤ ልጅ ከአባቱ በኋላ አይደል የሚመጣው? በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ በእኛ አጠራር ሠለስቱ ምዕት፣ ይህን አወገዙ። መከራከሪያው ቀላል ነው። ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ካለ፣ አብም አባት ያልሆነበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው፤ አባትነት ደግሞ በኋላ የተጨመረለት ማዕረግ አይደለም። ስለዚህ ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ዘህልው ምስሌሁ እምቅድመ ይትፈጠር ዓለም» እንላለን፤ ዓለም ሳይፈጠር ከእርሱ ጋር የነበረ። «ከእርሱ ጋር» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ዓለም ከመፈጠሩ በፊት የነበረው ባዶ ዝምታ አልነበረም፤ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ነበሩ። ዘላለም በክርስቲያን አፍ ከርዝመት ይልቅ አብሮ መኖርን የሚያሸተው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

የእኛ መምህራን ይህን በሁለት ልደት ያስተምሩታል፦ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት። ልጆች ይህን በቃላቸው ይሉታል። ትርጉሙ የሚገባቸው ግን ገና ሲባል ነው፤ ጊዜ የማይቆጠርለት እርሱ ልደቱ ታኅሣሥ 29 ሆኖ ይከበርለታል።

«ወአልቦ ማኅለቅት ለመንግሥቱ» የሚለው ደግሞ፣ ለመንግሥቱ ፍጻሜ የለውም ማለት ነው፣ በ381 የቁስጥንጥንያው ጉባኤ ስም በሚጠራው ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ያለ ነው። ማርኬሎስ ዘአንቂራ የሚባል ጳጳስ የወልድ መንግሥት በመጨረሻ ይጠቀለላል የሚል ትምህርት ነበረው። አባቶች መልሱን ያገኙት መልአኩ ገብርኤል ለማርያም ከነገራት፣ ከሉቃስ 1፥33 ነው።

የዘላለም ሕይወት የሚጀምረው ስንሞት ነው?

አይደለም። ይህን ስል የሚደነግጡ አሉ። ዮሐንስ 17፥3ን አንብቡት፦ «እውነተኛ አምላክ ብቻ የሆንህ አንተን የላክኸውንም ኢየሱስ ክርስቶስን ያውቁ ዘንድ ይህች የዘላለም ሕይወት ናት።» «ትሆናለች» አይልም፣ «ናት» ነው የሚለው። 5፥24 ላይ ያለውም የሚያምን ሰው ከሞት ወደ ሕይወት «ተሻገረ» ነው፤ አላፊ ግስ። ጸሎታችንን የምንዘጋው «ይእዜኒ ወዘልፈኒ ወለዓለመ ዓለም» ብለን ነው፤ አሁንም፣ ዘወትርም፣ ለዘላለሙም። አሁን ቀዳሚ ናት።

ይህን በተመለከተ ከእህቴ ጋር ጠብ የለንም። እሷ «ጌታን ከተቀበልኩበት ቀን ጀምሮ» ትላለች፣ እኔ «ከተጠመቅኩበት ጀምሮ» እላለሁ፤ የተጀመረ መሆኑ ላይ እንስማማለን።

ሰው ሲሞት ወዲያው መንግሥተ ሰማያት ይገባል?

እዚህ ላይ ነው መንገዱ የሚለያየው።

በእኛ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ገነትና መንግሥተ ሰማያት አንድ አይደሉም። የጻድቅ ነፍስ በገነት፣ የኃጥእ ነፍስ በሲኦል ትቆያለች፤ ሁለቱም መቆያ ናቸው። ከትንሣኤ ሙታንና ከፍርድ በኋላ ነው ሰው በነፍስም በሥጋም መንግሥተ ሰማያት ወይም ገሃነመ እሳት የሚገባው። ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዉ ግን በንግግር ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል፤ ሰባኪዎችም ጭምር።

ካቶሊኮች ከሞት በኋላ የምትነጻ ነፍስ አለች ይላሉ፤ መንጽሔን በ1439 በፍሎረንስ፣ በ1563 ደግሞ በትሬንት ጉባኤ አጽንተውታል። ኦርቶዶክሶች ይህን አንቀበልም፤ ለሞቱት ግን እንጸልያለን። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች አማኝ ሲሞት ወዲያው ከክርስቶስ ጋር ይሆናል ይላሉ፤ የሚጠቅሱት በሉቃስ 23፥43 ለወንበዴው የተነገረውን «ዛሬ» የሚለውን ቃል ነው። አድቬንቲስቶች ሙታን እስከ ትንሣኤ ተኝተዋል ይላሉ።

አክስታችን ያረፈች ጊዜ፣ ገና በሣልስቱ፣ አጎቴ ድንኳኑ ውስጥ የዐርባዋን ነገር አነሳ። ስንት ኩንታል እህል፣ ጠላው መቼ ይጠመቅ፣ ካህናቱን ማን ይጠራ። እህቴ ሻይ እያቀረበች ነበር። «ጋሼ፣ እሷ እኮ አሁን ጌታዋ ጋ ናት፤ ምን ልትጨምሩላት ነው?» አለችው። አጎቴ ብርጭቆውን ተቀበላትና «ልጄ፣ ጌታዋ ጋ ስለሆነች አይደል እንዴ የምደግስላት» አላት። እህቴ ዝም ብላ ስኳር ጨመረችለት። የነገረ መለኮት ክርክሩን የፈታ መልስ አይደለም፤ ተዝካርን አጎቴ እንዴት እንደሚያየው ግን ከብዙ መጽሐፍ በላይ ነግሮኛል። የሞተው ሰው ከማኅበሩ አልወጣም፤ ድግሱም ጸሎቱም ይደርሰዋል። «ነፍሷን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» ስንል የምናስቀምጣት ሰዎች መካከል ነው።

ነፍስ በተፈጥሮዋ አትሞትም ማለት ነው?

ትሞታለች ብሎ የሚያስተምር ኦርቶዶክስ የለም። ግን አለመሞቷ የራሷ ሀብት አይደለም፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥16 የማይሞት እርሱ ብቻ ነው ይላል። ነፍስ የምትኖረው ተሰጥቷት ነው። ከሥጋ መገላገልን እንደ ነጻነት ያየው የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን (ፕላቶ) ነው፤ ክርስቲያን የሚጠብቀው ሥጋውን መልሶ ነው።

ሁልጊዜ መዘመር ብቻ? አይሰለችም?

ከልጆች ሁሉ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ከአዋቂዎችም ይመጣል፣ ግን በሹክሹክታ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ሰዓት ቅዳሴ ቆሞ ጉልበቱ የዛለ ሰው ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

መሰልቸት የጊዜ በሽታ ነው። የሚሰለቸው ሰው ሰዓቱን የሚያይ ነው። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አስታውሱ፤ በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ የተደገፈበት ጦር የያሬድን እግር ወጋው። ደሙ እየፈሰሰ ያሬድ አላቋረጠም፤ ንጉሡም አላየም። ዜማው ሲያልቅ ነው ሁለቱም ወደ ታች ያዩት። ትውፊቱን ሲተርኩት ብዙዎች የሚያጎሉት ንጉሡ ካሣ ምን ልስጥህ ሲለው ያሬድ ወደ በረሃ መሄድን መለመኑን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያቺ መካከለኛዋ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ውስጥ ለሁለቱ ሰዎች ሰዓት አልነበረም።

ሌላኛው መልስ የቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ ነው። እግዚአብሔር ወሰን ከሌለው፣ ሰው እርሱን አውቆ ጨርሶ የሚቀመጥበት ቀን የለም፤ ሁልጊዜ የሚቀጥል ደረጃ አለ፣ እያንዳንዱ መድረስ መነሻ ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ወደ ፊት እየተዘረጋሁ ያለውን ቃል ይዞ ነው ይህን የሚያስተምረው። «ዓለም ዘጠኝ ናት፤ አሥር አትሞላም» የሚለውን ተረታችንን ቢያውቀው ኖሮ የሚጠቀምበት ይመስለኛል፤ አገላብጦ፣ እዚያ ደግሞ አሥር ከሞላ በኋላም አሥራ አንድ እንዳለ ለማስረዳት።

ስምንተኛው ሺህ ደርሷል ይባላል። ዘላለም ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው?

በርበሬ በተወደደ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል።

አመጣጡ ይህ ነው። በእኛ ትውፊት እግዚአብሔር ለአዳም «በአምስት ቀን ተኩል አድንሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት፤ በእርሱ ዘንድ አንድ ቀን ሺህ ዓመት ነውና 5500 ዓመት ሆነ። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ ዓመተ ዓለምን (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት) የሚያገኘው ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ነው፤ 2017 ዓ.ም ማለት 7517 ዓመተ ዓለም ነው። ይህ እርግጥም ስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ወደ ኋላ ሥሩት፤ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም ነው። በሽምብራ ኩሬ ጦርነት ጊዜ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። ጎንደር ስትቆረቆርም፣ ዓድዋ ላይም ስምንተኛው ሺህ ነበር። «ደርሷል» የምንለው ነገር ከደረሰ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል።

ቀኒቱን ማንም አያውቃትም የሚለው ማቴዎስ 24፥36 ለባሕረ ሐሳብ አዋቂዎችም የተጻፈ ነው። ዘላለም ከ8000 ቀጥሎ የሚመጣ ቁጥር አይደለም።

ቅጣቱም ዘላለም ነው?

ማቴዎስ 25፥46 «ዘላለም ቅጣት» እና «ዘላለም ሕይወት» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ግሪኩ ለሁለቱም የተጠቀመው አንድ ቃል ነው፣ አማርኛውም እንዲሁ። አውግስጢኖስ አንዱን አጭር ሌላውን ረጅም ልታደርጉት አትችሉም ብሎ የተከራከረው በዚህ ነው፤ የእኛም፣ የካቶሊክም፣ የአብዛኛው ፕሮቴስታንትም ትምህርት ይኸው ነው። አድቬንቲስቶች ግን ዘላለም የሆነው የቅጣቱ ውጤት ነው፣ ኃጥኣን ይጠፋሉ እንጂ ሲሠቃዩ አይኖሩም ይላሉ። አርጌንስ በ3ኛው መቶ ዘመን ሁሉም በመጨረሻ ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረው፤ ትምህርቱ በስሙ ተያይዞ በ6ኛው መቶ ዘመን በባይዛንታይን ተወግዟል። እላይ ያወደስኩት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ወደዚያ የሚያዘነብል ነገር ጽፏል፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን ያለው ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ይላል፤ የበደሉት ፍቅር መሆኑን አውቀው ነው የሚቃጠሉት። ልጆችን ስለ እሳት ሳስተምር ከቃጠሎው በፊት ይህን እነግራቸዋለሁ።

እናቴን አውቃታለሁ? ባለቤቴስ?

በሉቃስ 20፥35 እንደተጻፈው በዚያ ዓለም አያገቡም፣ አይጋቡም። መተዋወቅ ግን አልተከለከለም። በደብረ ታቦር ጴጥሮስ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሙሴንና ኤልያስን ለይቶ ዳስ ልሥራላቸው አለ፤ በቡሄ ሰሞን ይህን የማያነሳ ሰባኪ የለም። መግደላዊት ማርያም ደግሞ ከሞት የተነሣውን ጌታ አትክልተኛ መሰላት፤ ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። እኔ በሁለተኛው እተማመናለሁ።

ልጄን «ዘላለም» ብለው ነውር አለው?

ምንም ነውር የለውም፤ ደስ የሚል ስም ነው። የእኔ ክፍል ውስጥ አንድ አለ። እሑድ ጠዋት ስም ስጠራ «ዘላለም?» እላለሁ። ሁልጊዜ ያረፍዳል። ልጆቹ አብረው ይጮኻሉ፦ «ገና አልመጣም! መንገድ ላይ ነው!»